ቤት ውስጥ የተነሣ የጌም ሰርቨር ከውጭ አልገባ ሲል፦ የተዘጋውን ፖርት ፈልጎ ማግኛ

ሰርቨሩ ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ አንድ ቤት ውስጥ ተነሥቷል። የቤቱ ልጅ ይገባል፤ ሸዋ ሮቢትና መሐል ሜዳ ያሉት ጓደኞቹ ግን «እምቢ አለን» ይላሉ። በዚህ ጊዜ አብዛኛው ሰው የሚሮጠው ወደ ራውተሩ ገጽ ነው። ያገኘውን ፖርት (ፕሮግራም ከኔትወርክ ጥያቄ የሚቀበልበት ባለ ቁጥር በር) ሁሉ ይከፍታል፣ ፋየርዎሉን (ግንኙነት የሚያጣራውን ፕሮግራም) ያጠፋል፣ ራውተሩን ደጋግሞ ያጠፋና ያበራል። ለውጥ የለም። ለውጥ የሌለው ችግሩ ብዙ ጊዜ ራውተሩ ላይ ስላልሆነ ነው።

ስለዚህ ከውስጥ ወደ ውጭ እንሂድ። መጀመሪያ ሰርቨሩ፣ ቀጥሎ የኮምፒውተሩ ፋየርዎል፣ ከዚያ የመስመሩ አድራሻ፤ ራውተሩ የሚመጣው ከሁሉም በኋላ ነው። አንዱ ሳይረጋገጥ ወደሚቀጥለው አትለፉ። በአንድ ጊዜ ከአንድ ነገር በላይም አትቀይሩ፤ ሦስት ነገር ቀይራችሁ ቢሠራ የትኛው እንደፈታው አታውቁም፣ ያለ ምክንያት የከፈታችሁትም እንደተከፈተ ይቀራል።

ከመጀመራችሁ በፊት እነዚህን አዘጋጁ፦ የራውተሩን የአስተዳደር ገጽ መግቢያ ስምና የይለፍ ቃል (ብዙ ጊዜ ራውተሩ ጀርባ ላይ ተለጥፏል)፣ አንድ የኔትወርክ ገመድ፣ የሞባይል ዳታ ያለው ስልክ፣ እንዲሁም ከቤታችሁ ውጭ ሆኖ ሊሞክርላችሁ የሚችል አንድ ጓደኛ። ትእዛዞችንና የምናሌ ስሞችን እዚህ በድምፃቸው ነው የጻፍናቸው፤ ኮምፒውተሩ ላይ ሲገቡ ግን በላቲን ፊደል ነው።

ጓደኛችሁ ምን የሚል መልእክት አየ?

«አይሠራም» መልስ አይደለም። የስሕተቱን ጽሑፍ ፎቶ አንሥቶ ይላክላችሁ፤ ግማሹን ሥራ የሚጨርሰው እሱ ነው።

«ኮኔክሽን ሪፊዩዝድ» ካለ ጥያቄው አንድ ቦታ ደርሷል፣ ተቀባይ ግን አላገኘም። ወይ ሰርቨሩ አልተነሣም፣ ወይ የፖርት ቁጥሩ ተሳስቷል፣ ወይ ራውተሩ ወደ ሌላ ኮምፒውተር እየላከው ነው። መልሱም ወዲያው ነው የሚመጣው።

«ታይምድ አውት» ካለ ጥያቄው መንገድ ላይ ያለ ድምፅ ቀርቷል። ጓደኛችሁ ሰከንዶች ጠብቆ ነው ይህን የሚያየው። ፋየርዎል፣ ያልተሠራ የፖርት ቅብብል (ራውተሩ ከውጭ የመጣውን ጥያቄ ወደ ሰርቨሩ ኮምፒውተር የሚያሳልፍበት ሕግ) ወይም ከውጭ የማይደረስበት አድራሻ እንዲህ ያደርጋሉ።

«አንኖውን ሆስት» ካለ ደግሞ ነገሩ ከፖርት ጋር አይገናኝም። አድራሻው ሲጻፍ ተሳስቷል ወይም ስሙ ወደ ቁጥር አልተተረጎመም።

«አውትዴትድ ክላይንት» ወይም «አውትዴትድ ሰርቨር» ካለም ደስ ይበላችሁ፤ ፖርቱ ክፍት ነው፣ የጌሙ እትም ብቻ ነው ያልገጠመው።

1. ሰርቨሩ ፖርቱን ይዞታል ወይ?

መጀመሪያ ጌማችሁ የሚፈልገውን ቁጥርና ዓይነት እወቁ። ቲሲፒ እና ዩዲፒ ሁለት የተለያዩ መንገዶች ናቸው፤ አንዱን መክፈት ሌላውን አይከፍትም። በብዛት የሚጠየቁት እነዚህ ናቸው፦

ማይንክራፍት ጃቫ እትም፦ 25565 ቲሲፒ
ማይንክራፍት ቤድሮክ እትም (የስልክና የኮንሶል)፦ 19132 ዩዲፒ
ቴራሪያ፦ 7777 ቲሲፒ
ቫልሃይም፦ 2456 እና 2457 ዩዲፒ
ፋክቶሪዮ፦ 34197 ዩዲፒ
ፓልወርልድ፦ 8211 ዩዲፒ
ካውንተር-ስትራይክ፦ 27015 ዩዲፒ (ከሩቅ ማዘዣ ለሚጠቀም በቲሲፒም ጭምር)

ሰርቨሩን አስነሡ፤ በዊንዶውስ ጥቁሩን የትእዛዝ መስኮት ክፈቱና «ኔትስታት -ኤኤንኦ» ብላችሁ አስገቡ። በሊኑክስ «ኤስኤስ -ቲዩኤልፒኤን» ነው። ከሚወጣው ዝርዝር ውስጥ የፖርታችሁን ቁጥር ፈልጉ።

«0.0.0.0:25565» አጠገቡም «ሊስኒንግ» የሚል ካያችሁ ሰርቨሩ በሁሉም በኩል እያዳመጠ ነው፤ ደህና ነው። ማይንክራፍት «[::]:25565» ብሎ ሊያሳይም ይችላል፤ ያም ችግር የለውም። ነገር ግን «127.0.0.1:25565» ካለ ሰርቨሩ የሚያዳምጠው ራሱን ብቻ ነው፣ ከሌላ ክፍል እንኳ አይገባም። ለዚህ ምክንያቱ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል የሰርቨሩ ማስተካከያ ፋይል ነው። በማይንክራፍት «ሰርቨር ዶት ፕሮፐርቲስ» የተባለውን ፋይል ክፈቱና «ሰርቨር-አይፒ» የሚለውን መስመር ባዶ አድርጉት። ብዙዎች እዚህ ላይ የውጩን አድራሻ ይጽፋሉ፤ ኮምፒውተሩ ግን ያ አድራሻ ስለሌለው ሰርቨሩ ጭራሽ አይነሣም።

ዩዲፒ ላይ «ሊስኒንግ» የሚል ቃል አትጠብቁ። ዩዲፒ ቀድሞ የሚያያዝ መስመር ስለሌለው ከቁጥሩ አጠገብ «*:*» ብቻ ነው የሚታየው። ቁጥሩ መኖሩ ይበቃል።

ሰርቨሩ ሲነሣ «ፌይልድ ቱ ባይንድ ቱ ፖርት» ካለ ፖርቱን ሌላ ፕሮግራም ይዞታል፤ ብዙ ጊዜ በትክክል ሳይዘጋ የቀረ የራሱ የሰርቨሩ ቅጂ ነው። ከኔትስታት መስመር መጨረሻ ያለው ቁጥር የፕሮግራሙ መለያ ነው። በታስክ ማኔጀር «ዲቴይልስ» ገጽ ላይ ያንን ቁጥር ፈልጋችሁ ዝጉት።

2. ከቤት ውስጥ ከሌላ መሣሪያ ሞክሩ

በዊንዶውስ «አይፒኮንፊግ» ብላችሁ የኮምፒውተሩን የቤት ውስጥ አድራሻ እዩ፤ 192.168.1.23 ወይም 192.168.100.7 የመሰለ ነው። በ169.254 የሚጀምር ከሆነ ኮምፒውተሩ ከራውተሩ ምንም አድራሻ አልተቀበለም ማለት ነውና መጀመሪያ ገመዱን ወይም ዋይፋዩን አስተካክሉ።

አሁን ከሌላ ኮምፒውተር ወይም (ለቤድሮክ) ከስልክ በዚህ አድራሻ ግቡ። ከገባ ወደ ሦስተኛው እርምጃ እለፉ። ካልገባ ራውተሩ ላይ የምታደርጉት ምንም ነገር አይረዳም፤ ችግሩ እዚሁ ቤት ውስጥ ነው።

ፒንግ («አለህ ወይ?» ብሎ የሚጠይቀው የኔትወርክ መሞከሪያ ትእዛዝ) ስላልመለሰ ብቻ ኮምፒውተሩ አይገኝም አትበሉ። ዊንዶውስ ብዙ ጊዜ ለፒንግ አይመልስም፤ ፖርቱ ግን ክፍት ሊሆን ይችላል። የተሻለው ከሁለተኛው ኮምፒውተር በፓወርሼል «ቴስት-ኔትኮኔክሽን» ብሎ አድራሻውን፣ ከዚያ «-ፖርት 25565» ማስገባት ነው። መጨረሻ ላይ «ቲሲፒ ቴስት ሰክሲድድ፦ ትሩ» ካለ በሩ ክፍት ነው። ይህ ለቲሲፒ ብቻ ነው የሚሠራው።

የዊንዶውስ ፋየርዎል ላይ የሚደበቀው ትልቁ ወጥመድ ይህ ነው። ሰርቨሩ መጀመሪያ ሲነሣ «ይህን ፕሮግራም ልፍቀድ?» የሚል መስኮት ይወጣል። አንድ ሰው ቸኩሎ «ካንስል» ካለ ዊንዶውስ ለዚያ ፕሮግራም የመከልከያ ሕግ ይጽፋል። ከዚያ በኋላ ስንት የመፍቀጃ ሕግ ብትጨምሩ ዋጋ የለውም፤ መከልከያው መፍቀጃውን ይበልጣል። «ፖርቱን ከፍቻለሁ፣ ግን አሁንም ተዘግቷል» የሚለው ግራ መጋባት አንዱ ምንጩ ይህ ነው። የሚፈታው እንዲህ ነው፦

በመፈለጊያው «ዊንዶውስ ዲፌንደር ፋየርዎል ዊዝ አድቫንስድ ሴኪዩሪቲ» የሚለውን ክፈቱ። «ኢንባውንድ ሩልስ» ውስጥ ግቡ። ቀይ የክልከላ ምልክት ያለባቸውን «ጃቫ ፕላትፎርም» ወይም «ኦፕን ጄዲኬ ፕላትፎርም ባይነሪ» የሚሉ መስመሮች፣ ወይም የሌላ ጌም ከሆነ የዚያን ጌም ስም የያዙትን፣ ፈልጋችሁ አጥፉ። ከዚያ በቀኝ በኩል «ኒው ሩል»፣ «ፖርት»፣ ቲሲፒ ወይም ዩዲፒ፣ ቁጥሩ፣ «አላው ዘ ኮኔክሽን» እያላችሁ ሂዱ። ለሁለቱም ዓይነት ካስፈለገ ሁለት ሕግ መጻፍ አለባችሁ፤ አንድ ሕግ ሁለቱን አይዝም።

የቤት ዋይፋያችሁን ዊንዶውስ «ፐብሊክ» ብሎ መዝግቦት፣ ሕጉን ደግሞ «ፕራይቬት» ላይ ብቻ ጽፋችሁት ከሆነ አይሠራም። የቤቱን ኔትወርክ «ፕራይቬት» አድርጉት። ሌላ ጸረ-ቫይረስ ካለም የራሱ ፋየርዎል ሊኖረው ስለሚችል እሱንም እዩ። በኡቡንቱ ላይ «ሱዶ ዩኤፍደብልዩ አላው 25565/ቲሲፒ» ይበቃል።

ፋየርዎሉን ለአንድ ደቂቃ አጥፍቶ መሞከር እንደ ምርመራ ያስኬዳል። አጥፍቶ መተው ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ መልሳችሁ ማብራቱን አትርሱ።

ፋየርዎሉ ደህና ሆኖ አሁንም ካልገባ ሁለተኛው መሣሪያ የተያያዘው በእንግዳ ዋይፋይ እንዳይሆን አረጋግጡ። የእንግዳ ዋይፋይ መሣሪያዎች እርስ በርስ እንዳይተያዩ ነው የተሠራው። ሰርቨሩ ራሱ በገመድ ይሁን፤ ዋይፋይ ላይ ያለ ሰርቨር ፖርቱ ክፍት ቢሆን እንኳ ተጫዋቾችን ያንጠባጥባል።

3. መስመራችሁ የራሱ አድራሻ አለው?

ራውተሩ ላይ አንድም ቁልፍ ሳትነኩ መታየት ያለበት ይህ ነው፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም፣ ብዙ ምሽት ያድናል።

የራውተሩን ገጽ በአሳሽ ክፈቱ። የሁዋዌ የፋይበር ሳጥን በብዛት 192.168.100.1፣ ዜድቲኢ 192.168.1.1፣ ቲፒ-ሊንክ 192.168.0.1 ወይም 192.168.1.1 ነው። እርግጠኛ ካልሆናችሁ «አይፒኮንፊግ» ላይ «ዲፎልት ጌትዌይ» የሚለውን ተመልከቱ። «ስቴተስ» ከሚለው ሥር «ዋን» (ወደ ውጭ የሚወጣው መስመር) የሚለውን ገጽ ፈልጉና የተሰጠውን አይፒ ጻፉ። ቀጥሎ ከዚያው ቤት ኢንተርኔት ላይ የውጭ አይፒ አድራሻችሁን የሚነግር ገጽ ክፈቱና ያንንም ጻፉ። ቪፒኤን ካለ መጀመሪያ ይጥፋ፤ አለበለዚያ የቪፒኤኑን አድራሻ ነው የምታዩት።

ሁለቱ ቁጥሮች አንድ ከሆኑ አድራሻው የእናንተ ነው፤ ወደ አምስተኛው እርምጃ ሂዱ።

የተለያዩ ከሆኑ የራውተሩን ቁጥር መጀመሪያ እዩ። ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ውስጥ ከሆነ፣ ወይም በ10 ከጀመረ፣ ወይም ከ172.16 እስከ 172.31 ከሆነ፣ አቅራቢው አንዱን የውጭ አድራሻ ለብዙ ደንበኞች አካፍሎታል። የባለሙያዎቹ ስም ሲጂ-ናት ነው። አንድ ግቢ ውስጥ እንዳሉ ብዙ ተከራዮች አስቡት፤ ዘበኛው ከውስጥ የወጣውን ሰው ያውቀዋልና ሲመለስ ያስገባዋል፣ ከውጭ መጥቶ «25565 ቁጥር ቤት ፈልጌ ነው» የሚለውን ግን የማን እንደሆነ ስለማያውቅ ይመልሰዋል። የዘበኛው መዝገብ ያለው አቅራቢው ዘንድ ነው። እናንተ ራውተር ላይ የቱንም ያህል ፖርት ብትከፍቱ ጥያቄው እናንተ ዘንድ አይደርስም።

የዚህ መነሻው የአድራሻ እጥረት ነው። አሮጌው የአይፒ አቆጣጠር፣ አራተኛው ስሪት፣ ከ4.3 ቢሊዮን ያነሰ አድራሻ ብቻ ነው ያለው፤ 100.64 የሚለው ክልልም በ2012 እ.ኤ.አ. ለዚሁ መጋራት ተብሎ ተለየ። በሲም የሚሠሩ የ4ጂ ራውተሮች፣ ሚፋይና የስልክ ሆትስፖት ላይ ይህ የተለመደ ነው። ፋይበር ወይም የስልክ ገመድ ስላላችሁ ብቻ ነጻ ናችሁ ማለት ግን አይደለም፤ ቁጥሩን እዩ።

አንድ ጥንቃቄ፦ ኮምፒውተራችሁ ላይ ቴይልስኬል (ኮምፒውተሮችን በአንድ የግል ኔትወርክ የሚያገናኝ ፕሮግራም) ካለ «አይፒኮንፊግ» ላይ በ100 የሚጀምር አድራሻ ታያላችሁ። እሱ የቴይልስኬል የራሱ ነው። የምታወዳድሩት ሁልጊዜ ራውተሩ ገጽ ላይ ያለውን ነው።

የራውተሩ ቁጥር በ192.168 ከጀመረ ደግሞ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ቤታችሁ ውስጥ ነው።

4. ሁለት ራውተር በአንድ ቤት

አቅራቢው የሰጠው የፋይበር ሳጥን ራሱ ራውተር ነው። ዋይፋዩ ሩቅ ክፍል አልደርስ ሲል ሰዎች ከገበያ ሁለተኛ ራውተር ገዝተው ይቀጥላሉ፤ ሰርቨሩም ከሁለተኛው ሥር ይውላል። ፖርቱን ሁለተኛው ላይ ብቻ ብትከፍቱ የመጀመሪያው ያስቀረዋል።

ቀላሉ መፍትሔ ሁለተኛውን ራውተር «አክሰስ ፖይንት» ወደሚለው አሠራር መለወጥ ነው። ያ ምርጫ ከሌለው ከመጀመሪያው ሳጥን የሚመጣውን ገመድ «ዋን» ከሚለው ቀዳዳ ነቅላችሁ ወደ አንዱ «ላን» ቀዳዳ ስኩት፤ ቀድማችሁ ግን የሁለተኛውን ዲኤችሲፒ (ለመሣሪያዎች አድራሻ የሚያድለውን) አጥፉ፣ የራሱንም አድራሻ ከመጀመሪያው ጋር እንዳይጋጭ ቀይሩ። አለበለዚያ ሁለት ራውተር አድራሻ ማደል ይጀምሩና ቤቱ በሙሉ ኢንተርኔት ያጣል።

5. አሁን ራውተሩ

መጀመሪያ የሰርቨሩ ኮምፒውተር የማይቀየር የቤት ውስጥ አድራሻ ይኑረው። «ዲኤችሲፒ ሪዘርቬሽን» ወይም «ስታቲክ ዲኤችሲፒ» በሚለው ገጽ የኮምፒውተሩን ማክ አድራሻ (የኔትወርክ ካርዱ መለያ ነው፤ በ«አይፒኮንፊግ /ኦል» «ፊዚካል አድሬስ» ተብሎ ይወጣል) ከአንድ አይፒ ጋር እሰሩት። ይህን የዘለለ ሰው ሰርቨሩ ዛሬ ይሠራለታል፤ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ራውተሩ ለኮምፒውተሩ ሌላ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ፖርቱ ደግሞ ወደ አሮጌው ቁጥር፣ ምናልባትም ወደ እኅቱ ስልክ፣ ይላካል። ገመድና ዋይፋይ የተለያየ ማክ ስላላቸው የምታስሩት ሰርቨሩ የሚጠቀምበትን ነው።

ቀጥሎ ቅብብሉ። በሁዋዌ «ፎርዋርድ ሩልስ» ሥር «ፖርት ማፒንግ»፣ በዜድቲኢ «አፕሊኬሽን» ሥር «ፖርት ፎርዋርዲንግ»፣ በቲፒ-ሊንክ «ናት ፎርዋርዲንግ» ሥር «ቨርቹዋል ሰርቨርስ» ወይም «ፖርት ፎርዋርዲንግ» ተብሎ ይገኛል። ገጹ ከሌለ የገባችሁበት ስም መብቱ ዝቅተኛ ሊሆን ይችላል፤ አቅራቢውን ጠይቁ። የሚሞላው ይህን ያህል ነው፦ የውጭ ፖርት 25565፣ የውስጥ ፖርት 25565፣ የኮምፒውተሩ የቤት ውስጥ አይፒ፣ ዓይነቱ ቲሲፒ ወይም ዩዲፒ። የምንጭ አይፒና የምንጭ ፖርት የሚሉ ሳጥኖች ካሉ ባዶ ይቀሩ። ምንጩ ላይ 25565 መጻፍ የተለመደ ስሕተት ነው፤ የጓደኛችሁ ኮምፒውተር የሚነሣው በዘፈቀደ ከተመረጠ ፖርት ስለሆነ ሕጉ መቼም አይገጥመውም።

በፋይበር ሳጥኖች ላይ ሌላም መታለያ አለ። «ዋን ኔም» የሚል ምርጫ ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት ስሞች ይደረደራሉ፤ አንዱ «ቲአር069»፣ አንዱ «ቪኦአይፒ»፣ አንዱ «ኢንተርኔት» የሚል ቃል አለበት። የመጀመሪያው አቅራቢው ሳጥኑን ከሩቅ የሚያስተዳድርበት ነው። ምንም ሳትመርጡ ከተዋችሁት ሕጉ እዚያ ላይ ሊያርፍ ይችላል፤ «ኢንተርኔት» የሚል ያለበትን ምረጡ። ከዚያ «አፕላይ»።

«ዲኤምዜድ» የሚል ቁልፍ ታያላችሁ፤ «እሱን ብቻ አብራው፣ ሁሉም ይከፈታል» የሚል መካሪም አይጠፋም። እውነቱን ነው፣ ሁሉም ይከፈታል፤ የፋይል መጋሪያው 445 እና የሩቅ መቆጣጠሪያው 3389 ጭምር። እነዚህን ሁለት ፖርቶች የሚፈልጉ አውቶማቲክ ፈላጊዎች ኢንተርኔት ላይ ቀን ከሌት ይዞራሉ። አትንኩት።

6. ከውጭ በትክክል መፈተን

የራሳችሁን የውጭ አድራሻ በራሳችሁ ዋይፋይ ሆናችሁ አትሞክሩ። ብዙ ራውተሮች ከውስጥ ወጥቶ ወደ ውስጥ የሚመለስን ጥያቄ አያስተናግዱም፤ ለጓደኛችሁ እየሠራ ለእናንተ ተዘግቶ ይታያችኋል። የስልኩን ዋይፋይ አጥፍታችሁ በሞባይል ዳታ ሞክሩ ወይም ጓደኛችሁን ጠይቁ። እናንተ ራሳችሁ መጫወት ስትፈልጉ በቤት ውስጡ አድራሻ ግቡ።

የፖርት መፈተሻ ድረ ገጾች ሁለት ገደብ አለባቸው። ሰርቨሩ ጠፍቶ ከሆነ ሁልጊዜ «ዝግ» ይላሉ፤ ፖርት የሚከፈተው የሚያዳምጥ ፕሮግራም ሲኖር ነውና። ሁለተኛ፣ አብዛኞቹ ቲሲፒን ብቻ ነው የሚፈትኑት። ለቤድሮክ ወይም ለቫልሃይም «ዝግ» ቢሉ አትመኗቸው።

ለዩዲፒ የማያጠያይቀው ማስረጃ የሚገኘው ሰርቨሩ ኮምፒውተር ላይ ዋየርሻርክን ጭኖ በማየት ነው። የኔትወርክ ካርዱን መርጣችሁ ማጣሪያው ላይ «ዩዲፒ.ፖርት == 19132» ብላችሁ አስገቡና ጓደኛችሁ ይሞክር። የእሱ ጥያቄ ከታየ ራውተሩ ሥራውን ሠርቷል፤ የቀረው ፋየርዎል ወይም ሰርቨሩ ነው። ምንም ካልታየ ጥያቄው ቤት አልደረሰም፤ ወደ ራውተሩ ወይም ወደ አቅራቢው ተመለሱ። ይህ አንድ ፍተሻ ክርክሩን በሙሉ ለሁለት ይከፍለዋል።

አድራሻው የእናንተ ሆኖ፣ ቅብብሉም ተስተካክሎ ምንም ካልደረሰ አቅራቢው ያንን ቁጥር እያጣራው ሊሆን ይችላል። የውጭ ፖርቱን 40000 አድርጉት፣ የውስጡን 25565 ላይ ተዉት፤ ጓደኛችሁ ከአድራሻው ቀጥሎ «:40000» ብሎ ይግባ። ከሠራ በዚያው ቀጥሉ።

7. አድራሻው የጋራ ከሆነ

አቅራቢያችሁን ለመስመራችሁ ቋሚ የሕዝብ አይፒ መስጠት ይችል እንደሆነ ጠይቁ፤ የኢትዮ ቴሌኮም የደንበኞች መስመር 994 ነው። ስትደውሉ «ጌም አልሠራ አለኝ» ከማለት «ለመስመሬ ቋሚ የሕዝብ አይፒ እፈልጋለሁ» ብትሉ ወደሚመለከተው ሰው ቶሎ ትደርሳላችሁ። ለአራት ጓደኛሞች ጨዋታ ግን ይህን ወጪ አንመክርም። ሌላ መንገድ አለ፤ ሁሉም የሚሠሩት ግንኙነቱን ከውስጥ ወደ ውጭ በማስጀመር ነው፣ ስለዚህ ራውተር ላይ ፖርት መክፈት አያስፈልግም።

የሚጫወቱት ጥቂትና የሚተዋወቁ፣ ሁሉም በኮምፒውተር ከሆኑ ቴይልስኬል ወይም ዜሮቲየር ይሻላል። ሁሉም ፕሮግራሙን ይጭናሉ፣ አንድ የግል ኔትወርክ ውስጥ ይገባሉ፣ በሰርቨሩ የዚያ ኔትወርክ አድራሻ ይያያዛሉ። ከተሳካላቸው ኮምፒውተሮቹ በቀጥታ ይገናኛሉና የደብረ ብርሃኑ ጥያቄ ወደ ሸዋ ሮቢት ለመድረስ በሌላ አገር አይዞርም። በቀጥታ መሆኑን «ቴይልስኬል ስቴተስ» በሚለው ትእዛዝ እዩ፤ ከጓደኛችሁ ስም አጠገብ «ዳይሬክት» ካለ ጥሩ ነው፣ «ሪሌይ» ካለ በአሸጋጋሪ እየዞረ ስለሆነ መዘግየት ይኖራል። ጌሙ ሰርቨሮችን በራሱ ከቤት ኔትወርክ ፈልጎ የሚዘረዝር ዓይነት ከሆነ ዜሮቲየርን ምረጡ፤ ያንን የፍለጋ ጥሪ ያሳልፋል፣ ቴይልስኬል አያሳልፍም።

በስልክ የሚጫወቱ ወይም ምንም መጫን የማይፈልጉ ካሉ ፕሌይኢት የመሰለ መተላለፊያ ይቀላል። የሚጫነው ሰርቨሩ ላይ ብቻ ነው፤ አንድ አድራሻ ይሰጣችኋል፣ ጓደኞቻችሁ እሱን ያስገባሉ። ዋጋው መዘግየት ነው። ጥያቄው መተላለፊያው ወዳለበት አገር ሄዶ ይመለሳል፣ ሁለቱም ተጫዋቾች ሰሜን ሸዋ ውስጥ ቢሆኑም። ለማይንክራፍት ግንባታ ያስኬዳል፣ ለተኩስ ጌም ያበሳጫል።

ሊኑክስ የሚያውቅ ሰው በኪራይ የውጭ ሰርቨር ላይ በዋየርጋርድ የራሱን መተላለፊያ መሥራት ይችላል። እዚያ ላይ የሚረሳው «ፐርሲስተንት ኪፕአላይቭ» የሚለው መስመር ነው፤ ቤት ባለው በኩል 25 ይጻፍበት። አለበለዚያ የአቅራቢው ሳጥን ጸጥ ያለውን ግንኙነት ከመዝገቡ ያወጣዋል፤ ማታ የሠራው ጠዋት ይሞታል።

መብራት ሲጠፋና ሲመጣ

ትናንት ይሠራ የነበረ ሰርቨር ዛሬ ከተዘጋ ከፖርቱ በፊት መብራት ጠፍቶ እንደነበር ጠይቁ። ራውተሩ ተነሥቶ አዲስ የውጭ አድራሻ ይቀበላል፤ ጓደኞቻችሁ አሮጌውን ነው የያዙት። ለዚህ ዳክ ዲኤንኤስ ወይም ኖ-አይፒ የመሳሰሉ አገልግሎቶች በቁጥሩ ፋንታ የማይቀየር ስም ይሰጣሉ፤ ሰርቨሩ ላይ የሚጫን ትንሽ ፕሮግራም አዲሱን ቁጥር ይነግራቸዋል። ሲጂ-ናት ላይ ግን ይህ አይረዳም፤ ስሙ የሚያመለክተው የጋራውን በር ነው።

ኮምፒውተሩ መብራት ሲመጣ በራሱ እንዲነሣ ባዮስ ውስጥ «ሪስቶር ኦን ኤሲ ፓወር ሎስ» የሚለውን «ኦን» አድርጉ። ለራውተሩ ብቻ የምትሆን ትንሽ ዩፒኤስ መግዛት ከፈለጋችሁ የራውተሩ የኃይል መሰኪያ (አዳፕተር) ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ፤ ብዙዎቹ 12 ቮልት ናቸው፣ አምፔሩ ግን ይለያያል፣ ዩፒኤሱ የሚሰጠው ከተጻፈው ማነስ የለበትም። መብራት በድንገት ሲሄድ የጌሙ ዓለም ፋይል ሊበላሽ ስለሚችል ቅጂ በሌላ ዲስክ ይቀመጥ።

ሸዋ ሮቢት ወይም አጣዬ በቆላው ሙቀት ሰርቨር ለሚያቆም ሰው ሌላም የሚምታታ ነገር አለ። ኮምፒውተሩ ሞቆ ራሱን ሲያጠፋ ለተጫዋቾቹ የሚታየው ያው «ታይምድ አውት» ነው። የሰርቨሩን መዝገብ ክፈቱና የመጨረሻው መስመር የተጻፈበትን ሰዓት እዩ፤ በመደበኛ መዘጋት ሳይጨርስ ከተቋረጠ ጥፋቱ ፖርት አይደለም። መዝገቡ ላይ 20:15 የሚለው የእኛ ከምሽቱ 2 ሰዓት ከ15 መሆኑን አስታውሱና ከጓደኛችሁ መልእክት ሰዓት ጋር አመሳክሩ።

በሩ ከተከፈተ በኋላ

ማይንክራፍት ላይ «ዋይትሊስት ኦን» ብላችሁ የጓደኞቻችሁን ስም ብቻ አስገቡ። ያልተገዛ ጌም የሚጠቀሙ ጓደኞች ስላሉ «ኦንላይን-ሞድ» የሚለውን «ፎልስ» ያደረገ ሰው ግን ይህ ዝርዝር እንደማይጠብቀው ይወቅ፤ ስሙ ስለማይረጋገጥ ማንም የአስተዳዳሪውን ስም ጽፎ ይገባል፣ ሙሉ መብቱንም ይወስዳል። በዚህ ሁኔታ የይለፍ ቃል የሚጠይቅ ተጨማሪ ፕለጊን የግድ ነው፤ ወይም ፖርቱን ዘግቶ በቴይልስኬል ብቻ መጫወት።

ጨዋታው ሲያበቃ የራውተሩን ሕግ አጥፉ። «ዩፒኤንፒ» በርቶ ከሆነ ፕሮግራሞች ሳይጠይቋችሁ የከፈቱት ፖርትም ሊኖር ስለሚችል በራውተሩ የዩፒኤንፒ ገጽ ዝርዝሩን እዩ፤ የማታውቁት ስም ካለበት ባህሪውን አጥፍታችሁ ራውተሩን እንደገና አስነሡት።